ከሰው በፊት ሞተሩ ተሰማ

እሺ፣ ድምፄ ከኋላ ይሰማል? ጥሩ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ መሀል ላይ እየቀየርኩ ልናገር ብል እኔም እናንተም ግራ ይገባናል።

ፕሮግራሙ ላይ የኔ ርዕስ "የአካባቢ ፍትህ እና የውሃ መሰረተ ልማት" ይላል። ከባድ ስም ነው፣ ርዕሱን አይቶ የሚያዛጋ ሰው ካለ አልፈርድበትም። ስለዚህ እኔ ስለ መኪና ሞተር ነው የምጀምረው።

ፍሊንት የምትባል ከተማ አለች፣ አሜሪካ ሚቺጋን ውስጥ። ጄኔራል ሞተርስ እዛ የሞተር ፋብሪካ አለው። 2014 ኦክቶበር ላይ ፋብሪካው ከከተማው ቧንቧ የሚመጣው ውሃ የሞተር ዕቃዎቹን እየበላበት እንደሆነ ተናገረ፣ ዝገት ማለት ነው፣ ብረት ላይ የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነገር። ይሄን ውሃ አልፈልግም አለ፣ እሺ ተባለ፣ ጎረቤት ካለው አስተዳደር ሌላ ውሃ እንዲወስድ ተፈቀደለት፣ ከተማው በዚህ ምክንያት በዓመት 400 ሺህ ዶላር ገደማ ገቢ ያጣል ግን ምንም አልተባለም፣ አለቀ።

በዛው ሰሞን የከተማው ሰው ያንኑ ውሃ እየጠጣ ነበር። ልጆቹን እያጠበበት ነበር። ቡናማ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ስብሰባ እየመጣ፣ እዩት፣ አሽቱት፣ የልጄ ገላ ላይ የወጣውን ሽፍታ ተመልከቱ እያለ ነበር። ሰዉ ከዛ ውሃ የተገላገለው መቼ ነው? ኦክቶበር 16 ቀን 2015። ከፋብሪካው አንድ ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው።

እኔ ዛሬ የምለው ነገር ካለ ይቺ ናት። አንድ ሰፈር ውስጥ ቧንቧ ከመበላሸቱ በፊት የሚበጠስ ሌላ መስመር አለ፣ ቅሬታ ወደ ላይ የሚሄድበት መስመር። እሱ ከተበጠሰ የፈለገ ኢንጂነር ብታመጡ፣ የፈለገ ብር ብታፈሱ፣ ሰዉ ያንኑ ውሃ ይጠጣል።

አሁን ታሪኩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያውቀው ግማሹን ነው።

ፍሊንት ድሮ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ሰው ነበራት፣ የመኪና ፋብሪካው ስራ ሲቀንስ ሰዉ ወጣ፣ 2014 ላይ 100 ሺህ እንኳን አትሞላም ነበር። የቀረው ከግማሽ በላይ ጥቁር ነው፣ አርባ ከመቶ ገደማው ደሞ ከድህነት ወለል በታች የሚኖር። ከተማዋ ከሰረች፣ ከ2011 ጀምሮ ግዛቱ የአስቸኳይ ጊዜ አስተዳዳሪ ሾመባት። ይሄ አስተዳዳሪ ማለት ከከንቲባውም ከምክር ቤቱም በላይ ነው፣ የመረጠው ሰው የለም፣ ተጠሪነቱ ለገዥው ነው፣ ስራው ወጪ መቀነስ ነው። ከተማው ከዲትሮይት የሚገዛው ውሃ ውድ ነው ተባለ። ከሂውሮን ሀይቅ የሚመጣ አዲስ መስመር እየተሰራ ስለነበር እስኪደርስ ድረስ በመሀል ከፍሊንት ወንዝ እንጠቀም ተባለ፣ በሁለት ዓመት 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይቆጥባል በሚል። ኤፕሪል 25 ቀን 2014 ከንቲባው የድሮውን መስመር የሚዘጋውን ቁልፍ ተጫኑ፣ የተሰበሰቡት ባለስልጣናት የወንዙን ውሃ በብርጭቆ አንስተው "ለፍሊንት" ብለው ጠጡ። ቪዲዮው አሁንም ኢንተርኔት ላይ አለ፣ እኔ ባየሁት ቁጥር ጨጓራዬን ያመኛል።

እዚህ ጋ ትንሽ ኬሚስትሪ፣ አትፍሩ። ብዙ ሰው ወንዙ በእርሳስ፣ የሚጻፍበት ሳይሆን መርዛማው ብረት፣ የተበከለ ይመስለዋል። አይደለም። እርሳሱ ያለው ቧንቧው ውስጥ ነው፣ ከመንገዱ ስር ካለው ዋና መስመር ወደ ቤት የምትገባው ቀጭን ቧንቧ ላይ። አሜሪካ ውስጥ እርሳስ የለሰለሰ፣ በቀላሉ የሚታጠፍ ብረት ስለሆነ ለዚህ ስራ በሰፊው ገብቷል፣ ቺካጎ ጭራሽ እስከ 1986 ድረስ የከተማው ህግ ራሱ እርሳስ እንዲሆን ያስገድድ ነበር፣ ለዛ ነው ዛሬ 400 ሺህ ገደማ የእርሳስ መስመር ይዛ ካገሪቱ አንደኛ የሆነችው። የሻይ ውሃ የምታፈሉበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ሲከርም ነጭ ቅርፊት ይይዛል አይደል? ቧንቧም እንደዛ ነው። ውሃው ላይ ፎስፌት የሚባል ኬሚካል ከተጨመረበት ከእርሳሱ ጋር ተዋህዶ ውስጡን ቀጭን ቅርፊት ያለብሰዋል፣ ውሃና እርሳስ አይነካኩም፣ አርባ ሃምሳ ዓመት በሰላም ይኖራሉ። የዲትሮይቱ ውሃ ፎስፌት ነበረው። የፍሊንት ወንዝ ውሃ ደሞ ክሎራይድ የሚባለው ጨው ስለሚበዛበት ብረት ይበላል፣ ስለዚህ የበለጠ መከላከያ ነበር የሚያስፈልገው። ምንም አልተጨመረም። ምንም! ህጉ እያለ፣ ሲጠየቁም "እየተከታተልነው ነው" እየተባለ። ያ የብዙ ዓመት ቅርፊት በወራት ውስጥ ተፈረፈረ፣ እርሳሱ ከቅርፊቱ ጋር እየረገፈ ብርጭቆ ውስጥ ገባ።

ከዛ ደሞ የተደራረበውን ስሙ። 2014 ኦገስት ላይ ውሃው ውስጥ ኢ-ኮላይ ባክቴሪያ ተገኘ፣ "ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ" ተባለ። ለባክቴሪያ ልክ ነው። ለእርሳስ ግን ማፍላት ምንም አይጠቅምም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን እርሳሱ እዛው ስለሚቀር ይወፍራል። ማለትም መመሪያውን በደንብ ያከበረችው እናት ናት የባሰውን ለልጇ የሰጠችው። ክሎሪን ጨመሩ፣ ክሎሪኑ ሲበዛ ሌላ ጎጂ ኬሚካል ፈጠረ፣ እሱንም ህጉ ከሚፈቅደው በላይ አሳለፉት። ሌጂዮኔር የሚባለው የሳንባ በሽታ ደሞ በ2014 እና 2015 ወደ 90 ሰው ያዘ፣ በኦፊሴል የተቆጠረው ብቻ 12 ሰው ሞተ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ወረቀቱ ላይ ውሃው በእርሳስ በኩል "ደረጃውን ያሟላ" ነበር።

እንዴት ሆኖ ያሟላል? እዚህ ጋ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም እኔን ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

እርሳስ የሚለካው ሰው ቤት ካለው ቧንቧ ናሙና በመውሰድ ነው። ውሃው ቢያንስ 6 ሰዓት ሳይነካ ቧንቧው ውስጥ ማደር አለበት፣ ጠዋት መጀመሪያ የሚወጣው ይቀዳል። አሁን እኔ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ እንዲገኝ የምፈልግ ሰው ብሆን ምን አደርጋለሁ? ከመተኛታችሁ በፊት ቧንቧውን ለተወሰነ ደቂቃ ክፈቱት እላለሁ፣ የተጠራቀመው ቅንጣት ይሄዳል። የቧንቧው አፍ ላይ ያለችውን ወንፊት ንቀሉ እላለሁ፣ እዛ የተያዘው የእርሳስ ፍርፋሪ አይቆጠርም። አፈ ጠባብ ጠርሙስ እሰጣለሁ፣ ሰዉ እንዳይፈስበት ቀስ ብሎ ስለሚከፍት ውሃው ቧንቧውን አይሸረሽርም። አያችሁ፣ አንዱም ውሸት የለበትም፣ ላብራቶሪው በትክክል ነው የለካው። እነዚህ መመሪያዎች ደሞ የኔ ፈጠራ አይደሉም፣ እውነትም ለሰው ሲሰጡ የነበሩ ናቸው፣ ፍሊንት ላይ ብቻም አይደለም።

2015 ግማሽ ዓመት ላይ ፍሊንት 71 ናሙና ሰበሰበች። ህጉ የሚለው ናሙናዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ ከመቶ ዘጠናኛው ቦታ ላይ ያለው፣ ከቢሊዮን እጅ ውሃ 15 እጅ እርሳስ መብለጥ የለበትም ነው። ከ71ዱ ጋር ሲሰላ ከ15 በላይ ሆነ። ከግዛቱ መስሪያ ቤት ሁለት ናሙና ይውጣ ተባለ፣ ወጣ፣ 69 ቀረ፣ ቁጥሩ 11 ሆነ፣ አለፈ። ከወጡት አንዱ ሊአን ዎልተርስ የምትባል የአራት ልጆች እናት ቤት ነበር፣ ቤትሽ ማጣሪያ አለው በሚል ሰበብ። የሷ ቤት ውሃ ፌብሩዋሪ ላይ 104፣ ማርች ላይ 397 ያሳየ ነው እኮ! ማጣሪያ ገጥማ ይሄ ከሆነ ያለ ማጣሪያ ስንት ሊሆን ነው ብሎ የጠየቀ የለም።

እሷ ግን የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። የከተማዋን የውሃ ሪፖርት ራሷ አንብባ ፎስፌቱ እንደሌለ ደረሰችበት፣ የፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባለሙያ ጋ ደወለች፣ ከዛ ማርክ ኤድዋርድስ የሚባል የቨርጂኒያ ቴክ ፕሮፌሰር ጋ ደረሰች። ወንፊት ሳይነቀል፣ ከመተኛት በፊት ቧንቧ ሳይከፈት ደጋግመው ሲለኩ ከሷ ቤት የወጣው ከፍተኛው ቁጥር 13,200 ነበር። 5,000 ሲደርስ አደገኛ ቆሻሻ ተብሎ ነው የሚመደበው። ሞና ሃና-አቲሻ የምትባል የህጻናት ሐኪም ደሞ ሴፕቴምበር 2015 ላይ የሆስፒታል መዝገብ አገላብጣ ደማቸው ውስጥ ከፍ ያለ እርሳስ ያለባቸው ከአምስት ዓመት በታች ህጻናት ከ2.4 ወደ 4.9 ከመቶ መውጣታቸውን አሳየች። ባለስልጣናቱ መጀመሪያ ያደረጉት ቁጥሯን ማጣጣል ነበር። በሶስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ግን ከተማው ወደ ዲትሮይት ውሃ ተመለሰ።

አስቡት እንግዲህ። አንድ ፋብሪካ "ሞተሬ ዛገ" ለማለት ዶክትሬት አልተጠየቀም። ሰፈሩ "ታመምን" ለማለት ግን ፕሮፌሰር፣ ሐኪም፣ የላብራቶሪ ውጤት እና 18 ወር አስፈለገው። የሚቺጋን የሲቪል መብቶች ኮሚሽን 2017 ላይ መርምሮ ጉዳዩ ስር የሰደደ ዘረኝነት አለበት ብሎ ጽፏል፣ ይሄ እንግዲህ የራሱ የግዛቱ ኮሚሽን ነው።

የአካባቢ ፍትህ የሚለው ነገር ሲጀመርም እንዲሁ ነው። 1982 ላይ ኖርዝ ካሮላይና ዋረን ካውንቲ ውስጥ መርዛማ አፈር በአብዛኛው ጥቁር ድሃ ገበሬ የሚኖርበት ቦታ ሊቀበር ሲል ሰዉ መንገድ ላይ ተኝቶ የጭነት መኪናውን አላሳልፍም አለ፣ ከ500 ሰው በላይ ታሰረ። አፈሩ ከመቀበር አልዳነም፣ ግን "ለምን ሁሌ እኛ ጋ?" የሚለው ጥያቄ ስም አገኘ። 1994 ላይ ፕሬዚዳንት ክሊንተን መስሪያ ቤቶች ሁሉ ይሄን እንዲያዩ ትእዛዝ ፈረሙ፣ 2025 ጃንዋሪ ላይ ትእዛዙ ተሻረ። ወረቀት ይጻፋል፣ ወረቀት ይቀደዳል።

አሁን የሚነሳ ጥያቄ አለ፣ አውቀዋለሁ፣ ሁሌም ይጠየቃል፣ "ከተማው ገንዘብ ከሌለው ምን ያድርግ?" ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አልሸሸውም። የውሃ ስርዓት ወጪው የሚበዛው ውሃው ላይ አይደለም፣ መሬት ስር ያለው ብረት ላይ ነው። ለ200 ሺህ ሰው የተዘረጋ መስመር ሰዉ ሲቀንስ አያጥርም፣ ያው ርዝመት፣ ያው ፓምፕ፣ ያው ቫልቭ። ሂሳቡ ለቀሩት ይካፈላል፣ የቀሩት ደሞ መሄድ ያልቻሉት ናቸው። ስለዚህ ድሃው ሰፈር ውሃው መጥፎ ሆኖ የሚከፍለው ሂሳብ ከሀብታሙ ይበልጣል፣ ፍሊንት በአገሪቱ ካሉት ውድ የውሃ ሂሳቦች አንዱን ትከፍል ነበር፣ ለዛ ውሃ! ሌላም ጣጣ አለው፣ ትልቅ ቧንቧ ውስጥ ትንሽ ውሃ ሲሄድ ይዘገያል፣ ሲዘገይ ክሎሪኑ መንገድ ላይ ያልቃል፣ መስመሩ ጫፍ ያለው ቤት የሚደርሰው ያረጀ ውሃ ነው።

ጃክሰን፣ የሚሲሲፒ ዋና ከተማ፣ ይሄው ነው የሆነችው። 150 ሺህ ሰው፣ ከሰማንያ ከመቶ በላይ ጥቁር። 2022 ኦገስት መጨረሻ ላይ ዋናው ማጣሪያ ጣቢያ ተበላሸና ከተማው ሽንት ቤት የሚያወርድ ግፊት እንኳን አጣ። ጎርፉ ነው ተባለ፣ ጎርፍማ ነበር፣ ግን ፓምፖቹ ቀድሞውንም የተበላሹ፣ ፈቃድ ያለው ኦፕሬተር የጠፋበት ጣቢያ ነው። በኋላ ፍርድ ቤት የሾመው አስተዳዳሪ ሲገባ ምን ተገኘ፣ አንድ የቀድሞ የጎልፍ ክለብ ሜዳ ላይ ከ2016 ጀምሮ በቀን 5 ሚሊዮን ጋሎን ገደማ ውሃ የሚያፈስ የተሰበረ መስመር። ሜዳው ላይ ኩሬ ሰርቷል። ሰዉ ቤት ውስጥ ባልዲ ይዞ ቧንቧ ስር ቆሟል፣ ውሃው ሜዳ ላይ ይዝናናል።

ግን እኔን የውሃ እጦት ብቻ አይደለም የሚያሳስበኝ፣ የተበደለው ሰው ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አላባማ ውስጥ ላውንድስ ካውንቲ የሚባል ገጠር አለ፣ አፈሩ ጥቁር፣ ሸክላ የበዛበት፣ ውሃ የማያሰርግ። ብዙው ቤት ከከተማ የፍሳሽ መስመር ጋር አይገናኝም። ተራ ሴፕቲክ ታንክ ብትቀብሩ አፈሩ ስለማይመጥ ዝናብ ሲመጣ ፍሳሹ ወደ መታጠቢያ ገንዳችሁ ይመለሳል፣ ለዛ አፈር የሚሆነው ዓይነት ደሞ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ ቤታቸው ራሱ ያን ያህል የማያወጣ ሰዎች አሉ። ስለዚህ አንድ የፕላስቲክ ቱቦ ከሽንት ቤቱ ወደ ጓሮ ይዘረጋል፣ በቃ። ልጆች እዛው ይጫወታሉ። መንግስት ምን አደረገ? ከሰሳቸው። ፍሳሽ በትክክል አላስወገዳችሁም ተብሎ ክስ፣ የእስር ማስፈራሪያ፣ የታሰረም አለ። ካትሪን ኮልማን ፍላወርስ የምትባል የዛው አካባቢ ልጅ ናት ጉዳዩን ዓመታት ሙሉ ይዛ የዞረችው። 2017 ላይ በወጣ ጥናት ከተመረመሩ 55 ሰዎች 19ኙ ላይ የመንጠቆ ትል የሚባል የአንጀት ጥገኛ ምልክት ተገኘ፣ አሜሪካ ውስጥ ጠፍቷል የተባለ በሽታ! 2023 ላይ የፍትህ ሚኒስቴር ከግዛቱ ጤና ቢሮ ጋር ስምምነት ተፈራረመ፣ ክሱ ይቁም፣ ታንክ ይሰራ ተባለ። 2025 ኤፕሪል ላይ ስምምነቱን ራሱ ሚኒስቴሩ አፈረሰው።

ሌላ አንድ ልጨምርና እመለሳለሁ። እኛ "የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው" እንላለን አይደል? ካናዳ ውስጥ ቃል በቃል አለ። ዊኒፔግ የምትባለው ከተማ ከ1919 ጀምሮ የምትጠጣው ከሾል ሌክ፣ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለ ሀይቅ ነው። ሀይቁ ዳር የነበሩት ነባር ህዝቦች፣ ሾል ሌክ 40 ይባላሉ፣ ለዚሁ ስራ ከመንደራቸው ተነሱ፣ የተሰጣቸው ቦታም ቦይ ተቆፈረበትና ደሴት ሆኖ ቀረ። ቦዩ ለምን ተቆፈረ? ወደ ሀይቁ የሚገባው አንድ ወንዝ ቡናማ ውሃ ስለነበረው የከተማው መሳቢያ ጋ እንዳይደርስ ነው። ወዴት ይዙር? ወደነሱ። ከ1997 ጀምሮ 24 ዓመት ሙሉ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ እየተባሉ፣ በጠርሙስ ውሃ እየመጣላቸው ኖሩ፣ ከደሴቱ የሚያወጣ መንገድ ያገኙት 2019፣ ማጣሪያ ጣቢያ ያገኙት 2021 ነው። የተባበሩት መንግስታት ንጹህ ውሃ ሰብአዊ መብት ነው ብሎ የወሰነው 2010 ነው፣ እዛ ደሴት ላይ 11 ዓመት ፈጅቶ ደረሰ ማለት ነው፣ በጀልባም ቢሆን ቶሎ ይደርስ ነበር።

ወደ ፍሊንት ልመለስና ላብቃ፣ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ የሆነው ነገር ለኔ አሁንም መልስ የለውም።

እርሳሱን ቧንቧ አውጥተን እንቀይር ተባለ፣ ብር ተገኘ። የት ነው ያለው ሲባል የሚያውቅ የለም። የከተማው መዝገብ 45 ሺህ የሚሆን የወረቀት ካርድ ነበር፣ አንዳንዱ በእርሳስ የተጻፈ፣ የደበዘዘ። ቆፍረህ ካላየህ አታውቅም፣ አንድ ቤት መቆፈር ደሞ ብዙ ሺህ ዶላር ነው። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የቤቱን ዕድሜ፣ ሰፈሩን፣ ካርዱን፣ ቀድሞ የተቆፈረውን አንድ ላይ አድርገው የትኛው ቤት እርሳስ ሊኖረው እንደሚችል የሚገምት ኮምፒውተር ሞዴል ሰሩ። ሰራ! 2017 ላይ ከተቆፈሩት ቤቶች 70 ከመቶው ላይ የሚቀየር ቧንቧ ተገኘ። ታዲያ ሰዉ ምን አለ? "ለምን ጎረቤቴ ተቆፍሮለት እኔ ቀረሁ?" አለ። ተመራጮችም የኔ ሰፈር ለምን ተዘለለ አሉ። ኮምፒውተሩ አንተ ጋ የለም ይላል፣ ተብሎ ሲነገረው፣ ይሄ ህዝብ እኮ ዓመት ከምናምን "ውሃው ደህና ነው" ተብሎ ወረቀት ሲታየው የኖረ ነው፣ ምን ብሎ ይመን? 2018 ላይ ሞዴሉ ተትቶ ሁሉም ሰፈር ላይ እኩል ቁፋሮ ሆነ። የተገኘው 15 ከመቶ ገደማ ነው። ባዶ ጉድጓድ እየተቆፈረ ብሩ አለቀ፣ እርሳስ ያለበት ቤት ደሞ ጠበቀ፣ በኋላ በፍርድ ቤት ስምምነት ወደ ሞዴሉ ተመለሱ። ወደ 11 ሺህ የሚጠጋ የእርሳስ ቧንቧ ተቀይሮ ስራው አለቀ የተባለው 2025 ጁላይ ላይ ነው፣ ቁልፉ ከተጫነ 11 ዓመት አልፎ።

እኔ መሃንዲሱ ብሆን በሞዴሉ ቆፍሩ ነበር የምለው፣ ያለ ጥርጥር። ግን ደሞ እዛ ሰፈር ውስጥ ልጅ የማሳድግ ብሆን፣ የኔን ግቢ ቆፍራችሁ ባይኔ አሳዩኝ ሳልል እተዋለሁ ወይ? አልተውም። ይሄን እስካሁን አላስታረቅኩትም፣ እናንተ ካላችሁ ሀሳብ ንገሩኝ፣ ማይኩ እዛ ጋ ነው፣ ከኋላ ካሉት እንጀምር።